ሥር የሰደደና የመሸገ፥ የአንድ ቃል ታሪክ



ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ በሚመለሱት ጽሑፎች ውስጥ ደጋግሞ የሚያጋጥመን አንድ ቃል አለ። ይኸውም እንግሊዞች «ኢንትሬንችድ» የሚሉት ነው። ጸንቶ የቆመውን፥ በቀላሉ የማይነቃነቀውንና ስፍራውን የማይለቀውን ነገር በዚህ ቅጽል ይገልጹታል። ስለ ልማድ ሲጽፉ ኢንትሬንችድ ልማድ፥ ስለ ጥቅም ሲጽፉ ኢንትሬንችድ ጥቅም፥ ስለ ሕግ ሲጽፉ ኢንትሬንችድ አንቀጽ ይላሉ። በመሥሪያ ቤት ተቀምጦ የውጭ አገር ሪፖርት የሚያገላብጥ ሰው ይህን ቃል ሳያይ የሚያሳልፈው ሳምንት ጥቂት ነው። ተርጓሚውም አብዛኛውን ጊዜ ሳያመነታ «ሥር የሰደደ» ብሎ ይጽፍና ወደሚቀጥለው መስመር ያልፋል።

እኔም ራሴ ብዙ ጊዜ እንዲሁ ሳደርግ ቆይቻለሁ። ነገር ግን አንድ ቀን ስለ ደቡብ አፍሪቃ ሕገ መንግሥት ታሪክ ንግግር ሳሰናዳ፥ በ1909 ዓ.ም. የወጣውን አንድ ድንጋጌ «ሥር የሰደደ አንቀጽ» ብዬ ብጠራው፥ ጽሑፉን ያረመው ባልደረባዬ በእርሳስ አስምሮበት መለሰልኝ። «ይህ አንቀጽ ሥር የሰደደው መቼ ነው? እንግሊዞቹ እንደሚሉት ከሆነ በተጻፈበት በዚያው ቀን ኢንትሬንችድ ነበረ። ዛሬ የተተከለ ችግኝ ዛሬውኑ ሥር ሰደደ ይባላልን?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። የዛሬው ንግግሬ ከዚያ ጥያቄ የተወለደ ነው። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት፥ ስለ አገራችን ከምናገረው በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

እንግሊዝኛ የጸናውን ነገር የሚገልጽበት ቅጽል አንድ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱም ቅጽል በውስጡ የራሱን ሥዕል ይዟል። አንደኛው እንደ እኛው «ሥር የሰደደ» የሚለው ነው፤ ሥዕሉም ዛፍ ነው። ሁለተኛው «ኢንግሬንድ» የሚባለው ሲሆን፥ ሥዕሉ የቀለም ነካሪ ጋን ነው። በቀድሞ ዘመን ከጥቃቅን ነፍሳት ይወጣ የነበረው ደማቅ ቀይ ቀለም በጨርቁ ክር ውስጥ ዘልቆ ስለሚገባ፥ ቢያጥቡት አይለቅም ነበር። ስለዚህ በሰው ጠባይ ውስጥ ዘልቆ የገባው ነገር በዚህ ስም ተጠራ። ሦስተኛው «ኢንቬተሬት» የሚባለው ነው፤ ይህም በላቲን «አሮጌ» ከሚለው ቃል ወጥቶ፥ በእድሜ ብዛት የጠነከረውን ነገር ያመለክታል። አራተኛው «ኤስታብሊሽድ» ነው፤ መነሻው «ጽኑዕ» የሚለው የላቲን ቃል ሲሆን፥ በሥርዓት የተቋቋመውንና የታወቀውን ይገልጻል።

እነዚህ አራቱ አንድ የሚሆኑበት ነገር አለ። ዛፉ ያድጋል፤ ቀለሙ ይሰርጻል፤ እድሜው ይረዝማል፤ የተቋቋመውም ይቆማል። በአራቱም ውስጥ ጠላት የሚባል የለም። «ኢንትሬንችድ» ግን ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። የእርሱ ሥዕል የጦር ሜዳ ነው።

የቃሉ ግንድ የጥንቱ የፈረንሳይ ቋንቋ ነው። ፈረንሳዮች «ትራንሼ» ሲሉ መቁረጥ ማለታቸው ነው። ከዚህ ግንድ ብዙ ቅርንጫፍ ወጥቷል። በመካከለኛው ዘመን ሥጋ የሚቆረጥበትና የሚቀርብበት ገበታ «ትሬንቸር» ተባለ። እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ንግግር «ትሬንቻንት» ተባለ። መንግሥት ወጪውን ሲቀንስ፥ ድርጅትም ሠራተኛውን ሲያሰናብት «ሪትሬንችመንት» ይባላል፤ ይኸውም መልሶ መቁረጥ ማለት ነው። መሬትን ቆርጦ፥ ማለት ቆፍሮ የሚሠራው የወታደር ጉድባ ደግሞ «ትሬንች» ተባለ። በ16ኛው መቶ ዓመት «ኢንትሬንች» የሚለው ግሥ በእንግሊዝኛ መጻሕፍት መታየት ሲጀምር፥ ትርጉሙ ቆፍሮ መመሸግ ነበረ። ስለ ልማድና ስለ ሕግ መነገሩ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

ጉድባ ምን እንደሆነ ሳያውቁ የቃሉን ትርጉም ማወቅ አይቻልም። ወታደሩ አፈሩን ቆፍሮ በስተፊቱ ይከምረዋል፤ በዚህ ጊዜ ጉድጓዱ ሰውነቱን ይሰውረዋል፥ ክምሩም ጥይቱን ያግድለታል። ጉድባው ቀጥ ብሎ አይቆፈርም። እየተጠማዘዘ ይሄዳል እንጂ፤ ምክንያቱም ቀጥ ያለ ቢሆን ጠላት ከአንድ ጫፍ ገብቶ በአንድ ተኩስ እስከ ሌላው ጫፍ ያለውን ሰው ሊጠርግ ይችላል። ጉድባ የሚያገለግለውም ለሚከላከል ሰው ብቻ አይደለም። የፈረንሳዩ ንጉሥ የሉዊ 14ኛው መሐንዲስ ቮባን፥ በ1673 ዓ.ም. የማስትሪክትን ከተማ በከበበ ጊዜ፥ ከግንቡ ጋር ትይዩ የሆኑ ጉድባዎችን አንዱን ከሌላው እያቀረበ አስቆፈረ። ወታደሮቹም በአፈር ተከልለው እስከ ግንቡ ሥር ቀረቡ። በዚህ ዘዴ ከተማይቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተያዘች።

ቃሉን በዓለም ሁሉ ያስታወቀው ግን የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ነው። በ1914 ዓ.ም. በሴፕቴምበር ወር የጀርመን ጦር በማርን ወንዝ አጠገብ ከተገታ በኋላ፥ ሁለቱም ወገኖች መሬት ይቆፍሩ ጀመር። ዓመቱ ሳያልቅም ከሰሜን ባሕር ዳርቻ እስከ ስዊስ ወሰን ድረስ፥ 700 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን የጉድባ መስመር ተዘረጋ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ወጣቶች በዚያ ጭቃ ውስጥ አራት ክረምት አሳለፉ፥ ብዙዎቹም በዚያው ቀሩ። ጉድባውን ለመስበር ሲባል እንግሊዞች በሴፕቴምበር 15 ቀን 1916 ዓ.ም. በሶም ግንባር የመጀመሪያዎቹን ታንኮች አሰለፉ። ዛሬ በከተማችን በዝናም ጊዜ የሚለበሰው፥ በወገቡ ላይ መታጠቂያ ያለው «ትሬንች ኮት» የተባለው ካፖርትም ስሙን ያገኘው የእንግሊዝ መኮንኖች በዚያ ጉድባ ውስጥ ይለብሱት ስለነበረ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፥ ምሽግ በራሱ አይበቅልም፤ የቆፈረው ሰው አለ። ሁለተኛ፥ በውስጡ የሚጠብቀው ሰው አለ። ሦስተኛ፥ ምሽግ ሁሉ ፊትና ጀርባ አለው፤ ወደ አንድ ወገን ዞሮ የሚጠብቅ ነውና በሌላው ወገን ክፍት ነው። ፈረንሳዮች በ1930ዎቹ ዓመታት በጀርመን ወሰን ላይ ያሠሩት የማዥኖ ምሽግ በጥንካሬው የተደነቀ ነበር። ነገር ግን በ1940 ዓ.ም. የጀርመን ጦር ዋናውን ኃይሉን በአርደን ጫካ በኩል አሳልፎ፥ ምሽጉን ወደ ጎን ትቶት ሄደ።

እኛም ብንሆን ይህን ትምህርት ከራሳችን ታሪክ እናውቀዋለን። በ1888 ዓ.ም. ከአድዋ ጦርነት በፊት፥ በሻለቃ ጋሊያኖ የሚመራው የኢጣልያ ጦር በመቀሌ እንዳ ኢየሱስ መሽጎ ነበር። ምሽጉን በፊት ለፊት ለመድፈር የተደረገው ሙከራ ብዙ ሰው አስፈጀ። ነገር ግን ምሽጉ ይጠጣው የነበረው ውኃ ከምሽጉ ውጭ ነበረ። የእቴጌ ጣይቱ ስም ከዚህ ምክር ጋር አብሮ የሚነሣው ውኃው እንዲያዝ በማድረጋቸው ነው። ውኃው በተያዘ ጊዜ ግንቡ አንድ ድንጋይ እንኳ ሳይፈርስ፥ በጥር ወር ጋሊያኖ ምሽጉን ለቅቆ ወጣ። ይህን ነገር በኋላ እመለስበታለሁና አንባቢዎቼ በልባችሁ ያዙልኝ።

አሁን ወደ ቃሉ አገባብ እንመለስ። «ሥር ሰደደ» ስንል ሥር የሰደደው ነገሩ ራሱ ነው፤ ሌላ ባለቤት አንፈልግለትም። እንግዳ ሲመጣ ቡና የማፍላት ልማዳችን ሥር የሰደደ ነው። ማንም ጉድባ አልቆፈረለትም፤ ማንም ዘብ አላቆመለትም፤ ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ እያደገ መጣ እንጂ። እንደዚህ ያለውን ነገር እንግሊዞችም ቢሆኑ ኢንትሬንችድ ለማለት አይደፍሩም። ደግነት ወይም የእናት ፍቅር በዚህ ቃል ሲገለጽ አይታይም። ቃሉን የሚያመጡት አንድን ነገር ሊያስለቅቁት ሲፈልጉ እንቢ ያለ እንደሆነ፥ ወይም አንድ ነገር እንዳይነካ ሆን ተብሎ የታጠረለት እንደሆነ ነው። በፊተኛው አገባብ ብዙ ጊዜ የነቀፋ ቃል ነው፤ በኋለኛው የሕግ አገባብ ግን የመከታ ቃል ነው።

የእኛ ቋንቋ ለሁለቱም የሚሆን ቃል አላጣም። «መሸገ» የሚለው ግሥ ከነምሽጉ በእጃችን ነው። ሰው ወይም ልማድ በጥቅሙ ዙሪያ ቆፍሮ ሲቀመጥ «የመሸገ» ማለት እንችላለን፤ አንድ አንቀጽ ወይም መብት በልዩ አጥር ሲከለል ደግሞ «የተመሸገ» ማለት እንችላለን። የመጀመሪያው «ማነው በውስጡ ያለው?» የሚል ጥያቄ ያስነሣል። ሁለተኛው «ማን ቆፈረለት፥ ማንስ ይጠብቀዋል?» ያሰኛል። «ሥር የሰደደ» ግን አንዱንም ጥያቄ አያስነሣም። ነገሩ ሁሉ የተፈጥሮ ሥራ መስሎ ይታያልና።

የጥያቄው ክብደት ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳየን፥ ባልደረባዬ በእርሳስ ያሰመረበት የደቡብ አፍሪቃ አንቀጽ ታሪክ ነው።

በኬፕ ግዛት ከ1853 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረው የምርጫ ሕግ በቆዳ ቀለም ልዩነት አያደርግም ነበር። 25 ፓውንድ የሚያወጣ ይዞታ ያለው ወንድ፥ ነጭም ሆነ ክልስ ወይም ጥቁር፥ ድምፅ መስጠት ይችል ነበር። በ1892 ዓ.ም. የይዞታው ዋጋ ወደ 75 ፓውንድ ከፍ እንዲል ተደርጎ ከድሆቹ ብዙዎች ተቀነሱ፤ ቢሆንም በሕጉ ቃል የቀለም ልዩነት አልገባም። የቦዌሮች ግዛት በነበሩት በትራንስቫልና በኦሬንጅ ግን ጥቁር ሰው ድምፅ አልነበረውም። ከቦዌሮች ጦርነት በኋላ አራቱን ግዛቶች አንድ ለማድረግ በ1908ና በ1909 ዓ.ም. ጉባኤ በተደረገ ጊዜ፥ ይህ ጉዳይ ትልቅ ክርክር አስነሣ። በመጨረሻም ሁሉም ግዛት የቀድሞ የምርጫ ሕጉን እንዲይዝ፥ በኅብረቱ ፓርላማ ውስጥ ግን ነጭ ብቻ እንዲቀመጥ ተስማሙ።

የኬፕ ተወካዮች ስምምነቱ እንዳይፈርስ ስለ ሠጉ ምሽግ ጠየቁ፤ ተሰጣቸውም። በ1909 ዓ.ም. የእንግሊዝ ፓርላማ ባወጣው የደቡብ አፍሪቃ ሕግ፥ 35ኛው አንቀጽ የኬፕን ድምፅ ሰጪዎች መብት ሲጠብቅ፥ 137ኛው አንቀጽ ደግሞ የእንግሊዝኛንና የሆላንድን ቋንቋ እኩልነት ጠበቀ። 152ኛው አንቀጽ ሁለቱ እንዲለወጡ ቢፈለግ፥ የሕግ መምሪያውና የሕግ መወሰኛው ምክር ቤቶች በአንድነት ተቀምጠው፥ ከመላው አባሎች ከሦስት ሁለቱ እጅ ካልተስማማ በቀር ለውጡ ዋጋ እንዳይኖረው ደነገገ። ኢንትሬንችድ የተባሉት አንቀጾች እነዚህ ናቸው። የተመሸጉትም በተጻፉበት ቀን ነው።

ያን ጊዜ በዚህ ምሽግ ያልተማመኑ ሰዎች ነበሩ። የኬፕ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ዊሊያም ሽራይነር፥ ከዶክተር አብዱላህ አብዱራህማን፥ ከጆን ቴንጎ ጃባቩና ከሌሎች መልእክተኞች ጋር በ1909 ዓ.ም. ወደ ሎንዶን ሄደው፥ ነጭ ብቻ የሚቀመጥበት ፓርላማ የጥቁሩንና የክልሱን መብት ይጠብቃል ብሎ ማመን እንደማይገባ አመለከቱ። አቤቱታቸው ግን አልተሰማም። ኅብረቱም በሜይ 31 ቀን 1910 ዓ.ም. ተመሠረተ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በደረጃ እንመልከት። በ1930 ዓ.ም. ለነጭ ሴቶች ሁሉ የመምረጥ መብት ተሰጠ፤ በ1931 ዓ.ም. ደግሞ ለነጮች የይዞታው ግዴታ ተነሣ። ምሽጉ አልተነካም፤ ነገር ግን በውስጡ የነበሩት ሰዎች ድምፅ በብዛት ተዋጠ። በ1936 ዓ.ም. ሁለቱ ምክር ቤቶች በአንድነት ተቀምጠው፥ በ169 ድምፅ በ11 ላይ፥ የኬፕን ጥቁሮች ከጋራው የመራጮች መዝገብ አስወጧቸው። በምትኩ ለብቻቸው ሦስት ነጭ እንደራሴዎች እንዲመርጡ ተደረገ። የተፈጸመው በሥርዓቱ መሠረት ነው፤ በሩ በቁልፉ ተከፈተ።

በ1948 ዓ.ም. የዶክተር ማላን ብሔራዊ ፓርቲ በጠባብ ብልጫ ሥልጣን ያዘ። አሁን የቀሩት የኬፕ ክልሶች ነበሩ። መንግሥቱ ከሦስት ሁለት እጅ ድምፅ ስላልነበረው፥ በ1951 ዓ.ም. ክልሶችን ከጋራው መዝገብ የሚያወጣውን ሕግ በተራ ብልጫ፥ ምክር ቤቶቹ ለየብቻ ተቀምጠው አሳለፈው። አራት መራጮች ተከራከሩ፤ በማርች 1952 ዓ.ም. የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አምስት ዳኞች በአንድ ድምፅ ሕጉ ዋጋ የለውም ብለው ፈረዱ። መንግሥቱ ወዲያው የፓርላማው አባሎች ራሳቸው ከዳኞቹ በላይ ዳኛ የሚሆኑበትን «የፓርላማ ከፍተኛ ፍርድ ቤት» የሚባል ነገር በሕግ አቆመ። ፍርድ ቤቱ በዚያው ዓመት ይህንንም ሻረው። ምሽጉ ሁለት ጊዜ ተገፍቶ ሁለት ጊዜ ጸና።

በዚህ ጊዜ ከማላን ቀጥሎ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው የስትራይደም መንግሥት ሌላ መንገድ አገኘ። በ1955 ዓ.ም. በአንድ ሕግ፥ ስለ ሕገ መንግሥት በሚነሣ ጉዳይ የሚቀመጡት የይግባኝ ዳኞች 11 እንዲሆኑ ተደረገና አዲስ ዳኞች ተሾሙ። በሌላ ሕግ ደግሞ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባሎች ቁጥር ከ48 ወደ 89 ከፍ ብሎ፥ አመራረጡም ለመንግሥቱ ወገን እንዲመች ተደረገ። እንግዲህ ከሦስት ሁለት እጅ ድምፅ በተሠራ ምክር ቤት ተገኘ ማለት ነው። በ1956 ዓ.ም. ምክር ቤቶቹ በአንድነት ተቀምጠው የክልሶችን መብት አነሡ። ጉዳዩ እንደገና ለይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሲቀርብ፥ ከ11ዱ ዳኞች አሥሩ ሕጉን ተቀበሉት። ብቻውን «አይሆንም» ያለው ዳኛ ኦሊቨር ሽራይነር ነበረ፤ እርሱም በ1909 ዓ.ም. ወደ ሎንዶን ሄደው ያልተሰሙት የዊሊያም ሽራይነር ልጅ ነው። አባቱ ምሽጉ አያድንም ብለው አስጠነቀቁ፤ ልጁ ምሽጉ በፈረሰበት ቀን በውስጡ ቆሞ ተገኘ።

በ1955 ዓ.ም. ይህን ነገር የተቃወሙ ነጭ ሴቶች ጥቁር መቀነት በትከሻቸው ላይ አጥልቀው፥ ሕገ መንግሥቱ ሞቷል ሲሉ በየመንግሥቱ ሕንጻ ደጅ በዝምታ ይቆሙ ነበር። ማኅበራቸውም «ብላክ ሳሽ» እየተባለ ሲጠራ ኖረ። ነገር ግን ሐዘኑ መብቱን አልመለሰም። በ1968 ዓ.ም. ክልሶች በፓርላማ የነበሯቸው ነጭ እንደራሴዎች እንኳ እንዲቀሩ ተወሰነ።

አንባቢዬ ሆይ፥ አሁን አንድ ነገር አስተውል። በ1909 ዓ.ም. የተመሸጉት አንቀጾች ሁለት ነበሩ። አጥራቸው አንድ ነው፤ የቆፈራቸውም አንድ እጅ ነው። የድምፅ መብቱ በ1956 ዓ.ም. ፈረሰ፤ የቋንቋው እኩልነት ግን አልተነካም። እንዲያውም አገሪቱ በ1961 ዓ.ም. ሪፑብሊክ በሆነች ጊዜ፥ የአፍሪካንስና የእንግሊዝኛ እኩልነት በአዲሱ ሕገ መንግሥት ውስጥ እንደገና ተመሽጎ ተገኘ። ለምን? የቋንቋውን ምሽግ የሚጠብቁት ሁለቱም ወገኖች በፓርላማው ውስጥ ወንበር፥ በእጃቸውም ድምፅ ስለነበራቸው ነው። የድምፅ መብቱ ባለቤቶች ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በፓርላማው ውስጥ እንዳይቀመጡ ተከልክለው ነበርና፥ ምሽጋቸውን የሚጠብቅላቸው ሌላ ሰው ነበረ። ሌላው ሰው ሲደክም ወይም ሐሳቡን ሲለውጥ ምሽጉ ባዶ ቀረ። ወታደር የሌለበት ምሽግ ደግሞ ቦይ ነው፤ ዝናም ሲመጣ ውኃ ይሞላዋል እንጂ ማንንም አያድንም።

ደቡብ አፍሪቃውያን ይህን ትምህርት አልረሱትም። በኤፕሪል 1994 ዓ.ም. ሕዝቡ ሁሉ ያለ ቀለም ልዩነት ከመረጠ በኋላ፥ ፕሬዚዳንት ማንዴላ በዲሴምበር 10 ቀን 1996 ዓ.ም. በሻርፕቪል የፈረሙት ሕገ መንግሥት ምሽጉን በደረጃ ቆፈረ። የሕገ መንግሥቱን መሠረታዊ ዓላማ የሚናገረው የመጀመሪያው አንቀጽ እንዲለወጥ፥ ከብሔራዊው ምክር ቤት አባሎች መቶ እጅ 75ቱና ከዘጠኙ ክፍለ ሀገሮች ስድስቱ መስማማት አለባቸው። የሰብዓዊ መብቶቹ ምዕራፍ ደግሞ ከሦስት ሁለት እጅና የስድስት ክፍለ ሀገሮችን ስምምነት ይጠይቃል። ከቁጥሩ ይልቅ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፤ የመብቱ ባለቤት የሆነው ሕዝብ አሁን ራሱ መራጭ፥ ራሱ ተመራጭ፥ ራሱም ከሳሽ ሆኖ በምሽጉ ውስጥ ተቀምጧል። በእኛም አገር በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ105ኛው አንቀጹ፥ ስለ ሰብዓዊና ዴሞክራሲያዊ መብቶች የሚናገረው ምዕራፍ የሚሻሻለው የክልል ምክር ቤቶች ሁሉ ሲያጸድቁትና ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች እያንዳንዳቸው ከሦስት ሁለት እጅ ድምፅ ሲሰጡበት መሆኑን ይደነግጋል። ይህም በሕግ ቋንቋ የተመሸገ አንቀጽ ነው፤ ያንኑ «ማን ይጠብቀዋል?» የሚለውን ጥያቄ ለዜጋው ሁሉ ያቀርባል።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ተመሸገው መልካም ነገር ነው። አሁን የመሸገውን ክፉ ነገር ጥቂት ላንሣና ንግግሬን ልፈጽም።

በመሥሪያ ቤት ጽሑፍ ውስጥ «ሥር የሰደደ ችግር» የሚለው አነጋገር እጅግ የተለመደ ነው። ለምሳሌ ያህል በአንድ መሥሪያ ቤት ባለጉዳይ ሁሉ «ነገ ተመለስ» እየተባለ ይመላለሳል እንበል። የሚጻፈው ሪፖርት «ባለጉዳይን ማጉላላት ሥር የሰደደ ልማድ ነው» ብሎ ይደመድማል። አለቃውም አንብቦ ራሱን ይነቀንቃል፤ የዛፍ ሥር በአንድ ቀን አይነቀልምና፥ ጊዜ ይፈታው ብሎ መዝገቡን ይዘጋል። ባለጉዳዩም በማግሥቱ ያንኑ ደጅ ይጠናል። በሪፖርቱ ውስጥ ማንም ሐሰት አልጻፈም፤ ነገር ግን አንዱ ቅጽል ሰውን ሁሉ ከነገሩ ውስጥ አወጣው።

ያው ሪፖርት «የመሸገ ልማድ» ቢል ኖሮ አንባቢው ዝም ብሎ ሊያልፍ አይችልም ነበር። ምሽጉን ማን ቆፈረው? በውስጡስ ማን ተቀምጧል? ፊቱ ወደ ማን፥ ጀርባውስ ወደ የት ነው? ከሁሉም በላይ ውኃውን የሚቀዳው ከየት ነው? ብሎ መጠየቅ ግድ ይሆንበታል። ምናልባትም ምሽጉ የሚጠጣው ውኃ ባለጉዳዩ ምን ምን ወረቀት ማቅረብ እንዳለበትና ጉዳዩ በስንት ቀን ማለቅ እንደሚገባው አለማወቁ ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ከሆነ የሚያስፈልጉትን ማስረጃዎች፥ የሚከፈለውን ሒሳብና የቀኑን ቁጥር በጉልህ ጽፎ በደጁ ላይ መለጠፍ ውኃውን መያዝ ነው። ማንንም ሳይሰድቡ፥ አንድ ድንጋይም ሳያፈርሱ፥ እንደ መቀሌው ምሽግ ያለ ብዙ ተኩስ የሚለቀቅበት ጊዜ አለ።

በእርግጥ ሁሉም ችግር ምሽግ አይደለም። በድህነት፥ በመንገድ እጦት ወይም በትምህርት ማነስ የመጣውን ነገር የመሸገ ብንለው፥ በሌለበት ስፍራ ጠላት ልንፈልግ ነው፤ ይህም በምስኪኑ ሠራተኛ ላይ ግፍ ይሆናል። እንደዚህ ላለው «ሥር የሰደደ» የሚለው ቃል ትክክለኛ ነው፤ መድኃኒቱም እንደ ዛፍ ሥራ ትዕግሥትና ዓመታት ይፈልጋል። ስለዚህ ጸሐፊው ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት አንድ ነገር ይመርምር፤ ይህ ነገር ማንም ሳይጠብቀው የቆመ ነው ወይስ እንዳይወድቅ የሚደግፈው አለ? የሚጠብቀው ከሌለ ሥር የሰደደ ነው። የሚጠብቀው ካለ የመሸገ ነው።

ለባልደረባዬ መልስ የሰጠሁት ከብዙ ቀን በኋላ ነው። በጽሑፌ ላይ «ሥር የሰደደ አንቀጽ» ያልሁትን ሰርዤ «የተመሸገ አንቀጽ» ብዬ ጻፍሁና መለስሁለት። እርሱም አንብቦ በኅዳጉ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጨመረ፤ «ዘቡ ማነው?» የሚል። እኔም ያንኑ ጥያቄ ለእናንተ ትቼ እሰናበታችኋለሁ።